እስከ ወይራው ልሸኝዎት

አባቴ ቀስ ብሎ መራመድ የተማረው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሲራመድ ያየው ሰው የለም፤ ሲሮጥ እንጂ። መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ኮቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቆ ነው፤ ሌላውን እጅጌ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ቆሞ ይበላል። ሻይ ሲያቀርቡለት ሳይበርድ ይጎነጨውና ምላሱ ሲቃጠል በሻይዋ ይቆጣል። ባለጉዳይ ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ሲተርክለት (ባለጉዳይ ደግሞ መቼም ከአያቱ ነው የሚጀምረው) ጠረጴዛውን በብዕሩ እየመታ "ወደ ነገሩ! ወደ ነገሩ!" ይላል።

እንግዳ ሲመጣበትማ አያድርስ ነው። በእኛ አገር እንግዳ ሲሄድ ይሸኛል። ከበር ላይ እጅ ነስቶ መመለስ መሸኘት አይባልም። ከግቢ ወጥተህ፣ ከእንግዳው ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብለህ፣ እሱ "ይመለሱ በሞቴ" ሲል አንተ "ትንሽ ልራመድ" እያልክ መንገዱን ታጋምስለታለህ። አባቴ ግን "በሉ ደህና ዋሉ" ብሎ እንግዳው የጫማውን ማሰሪያ ሳይቋጥር በሩን ይዘጋል። እናቴ በሕይወት ሳለች እየሮጠች ወጥታ ትሸኝለት ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ሥራው ለእኔ ተረፈ።

ስለ እኔም አስቀድሜ ልናገር፣ ሰው ከሚያማኝ። የእሱ ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ቦርዱ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ሦስት ቦታ ይሰበራል። ተማሪ መልሱን እስኪያስብ መጠበቅ ስለማልችል እኔው እመልስለታለሁ። "እሳት የላሰች" ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ሙገሳ ነበር የማየው።

አንድ ቀን አባቴ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ሲጨቃጨቅ ደረቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰውን ያስደነገጠው መቀመጡ ራሱ ነው። አባቴ ተቀምጦ አያውቅማ። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። እኔም ክፍሌን ጥዬ ስበር ደረስኩ።

ጤና ጣቢያው ሐኪም የለውም፤ የሚያክመው ድሬሰሩ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። "ልብዎ ደክሟል" አለው። "ከዛሬ ጀምሮ መቆጣት የለም፣ መሮጥ የለም።"

"ታዲያ ተኝቼ ልሙት?"

"ከሁለት ሳምንት በላይ መተኛትም የለም። ከተኙ ይብሳል። ጠዋትና ማታ ቀስ ብለው ይራመዱ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው። ወሬው ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው።"

ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝና "እንደ ድሮው አንዴ ከሮጠ አይነሳም" አለኝ። "አንቺ ጠብቂው።" እኔ! ከዓለም ሰው ሁሉ እኔን ጠባቂ አደረገኝ።

ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ከርሞ መራመድ የጀመረ ዕለት የሆነውን መቼም አልረሳውም። ጠዋቱ ስለሚበርድ ጋቢውን ተከናንቧል። እንዳይፈጥን ብሎ ዓይኑን ከእግሩ ላይ አልነቀለም። አንድ ጎረቤታችን ከደጇ ሆና አየችው። ሠርግ ቤት እንኳ እየሮጠ የሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቀስ እያለ ሲሄድ ምን ታስብ? "ውይ! ማን ሞተ?" አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችው። እሷን ያየች ሌላዋ ተከተለች። ሁለቱን ያዩ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። አባቴ ዞር ብሎ አላየም። የገበያው ጥግ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰው ከኋላው ተሰልፏል፤ አንዷ እንዲያውም ማልቀስ ጀምራለች።

በለቅሶዋ ድምፅ ነው የዞረው። "ምንድን ነው?"

"የት ነው ለቅሶው?" አሉት ሽማግሌው ዝግ ብለው።

"ለቅሶውማ የእኔ ነው! ገና አልደረሰም፣ ቤታችሁ ግቡ!" ብሎ ጮኸባቸው። ከንፈሩ ጠቆረ። ሰው ጠርቶኝ ደርሼ፣ ደግፌ ወደ ቤት ስመልሰው ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ ይመጣብኛል። ደግነቱ ሳቄን አላየብኝም።

ከዚያ በኋላ አብሬው ልራመድ ወሰንኩ። ሞኝነቴን አየህልኝ? ሁለት ችኩሎች ጎን ለጎን! እሱ ግማሽ እርምጃ ይቀድመኛል። እኔ ወደኋላ መቅረት አልወድም፣ እደርስበታለሁ። እሱም መቀደም አይወድም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ቀጠሮ እንዳለፈበት ሰው እንከንፋለን።

"አንቺ ነሽ ያፈጠንሽው!" አለኝ እያለከለከ።

"አንተ ነህ እንጂ!"

ከዚያ በላይ ማውራት አልቻልንም። ድሬሰሩ ያለው ምልክት ትዝ አለኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን እያሸሁ ቆምኩ። ማታ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። አባቴን የምገድለው እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ያ ዓመት ወሎ ዝናብ የተከለከለበት ዓመት ነው። እኛ ደጋ ላይ ስለሆንን ገብስ ጨርሶ አልጠፋም። ከቆላው ግን ሰው ይመጣ ጀመር፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ኋላ ቤተሰብ ሙሉ። አንድ ጠዋት አባቴ ብቻውን ወጥቶ ወዲያው ተመለሰ። ሁለት ልጆች የያዘች ሴት መንገዱን ይዛ ስትመጣ አይቷል። አረማመዷ፣ አለኝ፣ ልክ ድሬሰሩ ለእሱ እንዳዘዘለት ነው፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። ጫማውን አውልቆ ጣለው።

"ሰው እህል ፍለጋ እየወደቀ እየተነሳ፣ እኔ ለጤናዬ ልንሸራሸር? እግሬን አላነሳም!"

ተኛ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። እግሩ ማበጥ ጀመረ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። በመጨረሻ ጮህኩበት። በታመመ ሰው ላይ፣ በአባቴ ላይ ጮህኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሌላ ቢቸግረኝ ሐጅዬ ዘንድ ሄድኩ። ሐጅ በታችኛው ሰፈር፣ መስጊዱ አጠገብ፣ ጨውና አቡጀዴ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከአባቴ ጋር በአንድ አገር መፈጠራቸው ይገርመኛል። ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ ይላሉ፤ በሦስተኛው ሐሳባቸውን ቀይረው መልሰው ይቀመጣሉ። ገዢ ሲቸኩል "አብሽር፣ ጨው አይሸሽም" ይሉታል። ሰውነታቸው ከባድ ነው፣ ስኳርም አለባቸው። ያው ድሬሰር ለእሳቸውም መራመድ አዞላቸው "ኢንሻላህ" ብለው እዚያው ወንበራቸው ላይ ቀርተዋል። የእኔ አባት መቆም አያውቅም፣ እሳቸው መንቀሳቀስ አያውቁም፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ ሆነ።

ነገሩን ሁሉ አፈሰስኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "አባትሽን አስነሳዋለሁ። የቸገረው እኔን የሚያስነሳ ነው።" ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ።

በማግስቱ ከሰዓት መጡ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነገር ከአያታቸው ጀመሩ። ከጋቢው ሥር የአባቴ እግር ጣቶች ሲወራጩ አያለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ሐጅ ተነሡ። አባቴ እንደ ልማዱ ከአልጋው ሆኖ "በሉ ደህና ዋሉ" አለ።

ሐጅ በሩ ላይ ቆሙ። "አሁን እኔ ከዚህ ቤት ሳልሸኝ ልወጣ ነው? ነፍሷን ይማርና ባለቤትዎ ብትኖር ምን ትል?"

አቤት ተንኮላቸው! አባቴ ጋቢውን ገፎ እግሩን ወደ መሬት አወረደ።

ወጡ። ሐጅ ከፊት፣ አባቴ ግማሽ እርምጃ ከኋላ። የዚያን ቀን ነው የሽኝት ሥርዓት ምን እንደሆነ የገባኝ። ሸኚ እንግዳውን አይቀድምም። አባቴ የፈለገውን ያህል ችኩል ቢሆን ሐጅን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ነውር ነው። ሐጅ ደግሞ በሕይወታቸው ፈጥነው አያውቁም። ወሬያቸውም አያልቅም፤ አባቴ "እሺ"፣ "ከዚያስ" ማለት ግድ ሆነበት። ድሬሰሩ ያዘዘው ነገር ሁሉ ሳይታዘዝ ተፈጸመ።

በሁለቱ ሰፈር መካከል፣ መንገዱ ወደ መቃብሩ ዳገት የሚገነጠልበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሐጅ "ይመለሱ" አሉ። አባቴ ሊዞር ሲል "የታመመ ሰው ብቻውን? እኔም እስከ ደጅዎ ልሸኝዎት" ብለው አብረውት ተመለሱ። ደጃችን ሲደርሱ ተራው የአባቴ ሆነ። "አሁን እርስዎ ብቻዎን ሊሄዱ? እስከ ወይራው ልሸኝዎት።" እኔ ደጅ ቆሜ ሦስት ጊዜ ሲሄዱና ሲመለሱ አየሁ። በሦስተኛው አባቴ ሲስቅ ሰማሁ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

የከተማው ሰው ደግሞ ምንም አላለም። ያለ ጉዳይ የሚንቀዋለል ሽማግሌ ያስወራል፤ ሰው የሚሸኝ ሽማግሌ ግን ጨዋ ነው።

ሐፍረቱ ግን ገና ከልቡ አልወጣም ነበር። በሦስተኛው ቀን ወይራው ሥር አንድ ቤተሰብ አርፎ አገኙና አባቴ ቆመ። "እነዚህ እያዩን ሐጅ፣ እንዴት እንንሸራሸራለን?"

ሐጅ ቶሎ አልመለሱም። መቼ ቶሎ መልሰው! "እነሱም ከሞት እየሸሹ ነው፣ እርስዎም" አሉ በኋላ። "እኛ የምንመለስበት ቤት አለን። እንግዲህ ባዶ እጃችንን አንሂድ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ እነሱ በአኮፋዳ ይዘው ይወጣሉ። ረሃቡን አቆምን ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ወይራ ሥር ሳይነሡ የቀሩ አሉ፣ ያወቅናቸውም ያላወቅናቸውም። ግን አባቴ ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ ከየት እንደመጡ ይጠይቅ ጀመር፤ ከአያታቸው ሲጀምሩለት "ወደ ነገሩ" አይልም። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ታሪካቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሱ እስኪነቁ ጠበቀ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ጠባዩ ተለወጠ ወይ? ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አልተለወጠም። ሻይዋ ላይ እስከ መጨረሻው ይቆጣ ነበር። ግን በፊት ቁጣው ገና ሲነሣ ሰው ላይ ነበር የሚያርፈው፤ አሁን ኮቱን አንስቶ ይወጣል፣ ሐጅን እስከ ወይራው ይሸኛል፣ ሲመለስ ምን እንዳናደደው ራሱም ይጠፋዋል። የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ እንቅልፉ ተመለሰ። ሐጅም ከመቀመጫቸው በአንድ ቢስሚላህ መነሣት ጀመሩ፤ ሚስታቸው "ጉድ ነው" እያሉ ለሰፈሩ ያወሩ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አባቴ ጡረታ ወጣ፣ ቀበሌ ተቋቋመ። አዲስ ጠመንጃ የተሰጠው የቀበሌ ጥበቃ፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ ጎልማሳ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጠዋትና ማታ አንድ መንገድ ሲመላለሱ ያያል። አንድ ሰኞ ወይራው ሥር አስቆማቸው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስኩባቸው።

"ምንድን ነው የምትዶልቱት?"

"መሸኛኘት ነው" አሉ ሐጅ።

"ሦስት ጊዜ?"

"መለያየቱ አልሆነልንም።"

ሰውዬው የተቀለደበት መሰለው። እኔ ነደድኩ። "አንተ ማን ነህና ነው ሽማግሌ የምታስቆም! በየትኛው አዋጅ ነው ሰው መሸኘት የተከለከለው!" ስል ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አባቴ ክርኔን ያዘ። "ቀስ በይ" አለኝ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሮ "ወንድሜ፣ ሥራህ ነው። ና አብረኸን ተራመድ፣ የምንለውን በጆሮህ ትሰማለህ" አለው።

ተራመደ። ሐጅ ከብዙ ዓመት በፊት አቀስታ ገበያ ስለሸጧት በቅሎ ጀመሩለት። ወደ ደጃችን ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ፤ በቅሎዋ ገና አልተሸጠችም። በሁለተኛው ዙር ሰውዬው ላቡን ጠረገና "በቃ፣ ገብቶኛል፣ ተሸኛኙ" ብሎ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛ አልመጣብንም።

በሚቀጥለው ክረምት መውጫ የሐጅ እግር ቆሰለና አልድን አለ። መጀመሪያ እስከ ወይራው ብቻ ይመጡ ነበር፤ በኋላ እስከ ደጃቸው፤ በኋላ አባቴ እሳቸው ዘንድ እየሄደ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ከመስጊዱ በኩል ሰው መጥቶ ማረፋቸውን ነገረን።

እስላሞች ሬሳ አያሳድሩም፣ ሲወስዱም አይዘገዩም። ጀናዛው በትከሻ ላይ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በሩጫ ነው የሚሄደው። መንገዱ ደግሞ ከወይራው በኋላ ዳገት ነው። አባቴ በሕይወቱ ከሰው ኋላ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ሊቀር ነው? ያውም ከሐጅ?

"አባዬ፣ በሞቴ፣ እዚሁ ሆነህ አልቅስላቸው" አልኩት። ኮቱን አነሣ። አንድ እጁን ብቻ አግብቶ ወጣ። ሌላው እጅጌ ከኋላው ይወዛወዝ ነበር።

በእነሱ ደንብ ሴት መቃብር አትሄድም። ወይራው ሥር ቆምኩ። ጀናዛው ከታችኛው ሰፈር ብቅ ሲል አባቴ ከፊት ነው፣ ትከሻውን ሰጥቷል፣ ይሮጣል። "ላ ኢላሀ ኢለላህ" የሚለው ድምፅ እየቀረበ መጣ። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ድሬሰሩ ያለኝ ብቻ ነው በጆሮዬ ያለው፤ አንዴ ከሮጠ አይነሳም።

ወይራው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰው ጀናዛውን ከትከሻው ሊቀበለው መጣ። አባቴ ሰጠውና ቆመ። ጀናዛው አለፈው። ሕዝቡ አለፈው። አንዱ "ይምጡ እንጂ!" ብሎ እጁን ጎተተው፤ አባቴ ቀስ አድርጎ እጁን አስለቀቀ። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ያችን የቀረች እጁን ኮቱ ውስጥ አስገባ። ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። መራመድ ጀመረ።

በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ያወራ ነበር። ብቻውን፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ያወራ ነበር። ስለ አንዲት በቅሎ ነው የሚያወራው።

ዳገቱን ሲጨርስ ቀባሪው መመለስ ጀምሯል። ሁሉም ሲወርድ እሱ ብቻ ይወጣል። ከላይ ብቻውን ሲቆም ከሩቅ አየሁት። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ ርሷል፣ ከንፈሩ ግን ደህና ነው፣ አልጠቆረም።

"አልደረስክም ቀብሩ ላይ" አልኩት።

"ሐጅ ሮጠው አያውቁም" አለኝ። "ዛሬ ሰዉ ነው ያስሮጣቸው። እኔ በራሳቸው እርምጃ ሸኘኋቸው።"

ወደ ቤት ተመለስን። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብዬ ተከተልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግሬ እየቸኮለ አስቸገረኝ፣ እኔም እየያዝኩት ሄድኩ። ደጃችን ስንደርስ በሩን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ። እሱ አልገባም። ወደ መጣንበት ዞሮ ቆመ።

"ነይ፣ እስከ ወይራው ልሸኝሽ።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ቤቴ እዚሁ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። "ቀስ ብለሽ ነይ፣ አትቅደሚኝ።"